ፍላሹን ከካሜራው ላይ ለማውረድ ምን ምን ይገዛል?

ካሜራ አናት ላይ የተሰካ ፍላሽ ብርሃኑን የሚልከው ሌንሱ በሚያይበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ፊት ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ጥላ አይኖርም፤ ግንባር ያብረቀርቃል፣ ጉንጭና አፍንጫ አንድ ይሆናሉ፣ ከኋላ ግድግዳ ካለ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይለጠፍበታል። ያው ፍላሽ ወርዶ ከጎን ሲቆምና ብርሃኑ በሰፊ ጨርቅ ሲያልፍ ፎቶው ሌላ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽ፣ አንድ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከሩቅ የሚያበራ ዕቃ)፣ አንድ ስታንድ፣ አንድ ጃንጥላ ከነመያዣው፣ እና ጥሩ ባትሪ ነው። ሁለት ፍላሽ ገና ነው፤ ሦስት ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ያለው ጥቅልም አያስፈልግም። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ፍላሹ ላይ ይጨርስና ለስታንዱና ለመያዣው የተረፈችውን ይሰጣል። ፍላሹ ርካሽ ቢሆን ብዙ አይጎዳም፤ ሌላው ርካሽ ሲሆን ግን ዕቃው ይወድቃል ወይም አይበራም።

ትሪገሩ ይቅደም

ፍላሽና ትሪገር የሚገናኙት በሬዲዮ ነው፣ የአንዱ አምራች ሬዲዮ ደግሞ የሌላውን አያዝም። የጎዶክስ ትሪገር የዮንግኑዎን ፍላሽ አያበራም፤ የዮንግኑዎውም የጎዶክስን። ስለዚህ ዛሬ የምትገዙት ትሪገር ከሁለት ዓመት በኋላ የምትገዙትን ሦስተኛ መብራት ጭምር ይወስናል። በአካባቢያችሁ ያሉ የሰርግና የስቱዲዮ ፎቶግራፈሮች የትኛውን እንደሚጠቀሙ ጠይቁ። ዕቃ የሚያውሷችሁና ያገለገለ የሚሸጡላችሁ እነሱ ናቸው።

ሌላ የሚያስመርጥ ምክንያት ከሌለ ለጀማሪ ጎዶክስን እንመርጣለን። ሬዲዮ ተቀባዩ ፍላሹ ውስጥ ስለተሠራ ሌላ ተቀባይ አይገዛም፤ ከትንሹ ቲቲ600 ፍላሽ እስከ ጠንከር ያለው ኤዲ200 እና ከዚያም በላይ ያሉትን የስቱዲዮ መብራቶች የሚያበራው ያው ትሪገር ነው። ኤክስ2ቲ የሚባለው ሞዴል ለጀማሪ ይበቃል፦ በሁለት ደብል ኤ ባትሪ ይሠራል፣ የፍላሹን ኃይል ካሜራው ላይ ሆናችሁ ታስተካክሉበታላችሁ፣ ፍላሾችን በቡድን ለያይቶ ማዘዝም ይችላል። ዋጋው ከቲቲ600 ፍላሽ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ሰውን ያስገርማል፤ ቢሆንም እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ባለ ሁለት ቁራጭ ርካሽ ትሪገር ማብራት እንጂ ኃይል ማስተካከል አይችልም። ፍላሹ ከፍ ብሎ ጃንጥላ ውስጥ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ ስታንዱን ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው።

ትሪገር ስትገዙ የካሜራችሁን ስም ጥቀሱ። ለካነን፣ ለኒከን፣ ለሶኒ፣ ለፉጂፊልም የተሠሩት መልካቸው አንድ ነው፣ እግራቸው ላይ ያለው መገናኛ ግን የተለያየ ነው። ሳጥኑ ላይ በሞዴሉ ስም መጨረሻ ያለው ፊደል የካሜራው ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ እንደ ካነን 250ዲ እና 4000ዲ ያሉ ካሜራዎች የፍላሽ መሰኪያቸው መካከል ላይ የነበረው ትልቁ ነጥብ ተነሥቷል። በዚያ ነጥብ ብቻ የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ እነሱ ላይ ሞቶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ካሜራ ካላችሁ ትሪገሩ ለሞዴላችሁ እንደሚሠራ ከአምራቹ ዝርዝር አረጋግጡ፤ የተሻለው ግን ካሜራውን ይዞ ሄዶ መሞከር ነው።

ሻጩ «ይሄኛው ትሪገር አያስፈልገውም፣ ሌላ ፍላሽ ሲያይ ራሱ ይበራል» ካላችሁ የሚናገረው ስለ ብርሃን ዳሳሽ ነው። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ፀሐይ ላይ ግን ዳሳሹ ይታወራል፣ ሰርግ ላይ ደግሞ የእንግዳው ሁሉ ፍላሽ የእናንተን እያበራ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው፤ ለዋና ሥራ አይሆንም።

ፍላሹ፦ ኃይሉን በእጅ የሚያስተካክሉት ይበቃል

ፍላሾች በሁለት ይከፈላሉ። ቲቲኤል ያላቸው ኃይላቸውን ካሜራው ይለካላቸዋል፤ የሌላቸውን እናንተ ታስተካክላላችሁ። ለሚሮጥ ሥራ፣ ለምሳሌ ሙሽሮች ከመኪና ሲወርዱ፣ ቲቲኤል ይጠቅማል። ፍላሹ ስታንድ ላይ ቆሞ ሰውየውም ቦታውን ካልቀየረ ግን በእጅ የተስተካከለ ኃይል ከፎቶ ፎቶ አይለዋወጥም። በተለይ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ሲነሣ ይህ ጎልቶ ይታያል። የቲቲኤል መለኪያ ነጩን ጨርቅ አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ፊት ይጨልማል፤ ያቺው ሴት ጥቁር ካባ ስትደርብ ደግሞ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ፊቷን ያነጣዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍላሽ ቲቲ600 ወይም መሰሉ ይሁን። ኃይሉ ከሙሉ እስከ 1/128 ይወርዳል፣ በአራት ደብል ኤ ባትሪ ይሠራል፣ ስታንድ ላይ እስከቆመ ድረስ ካሜራችሁ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አይገደውም። ነገ ከካነን ወደ ሶኒ ብትሄዱ የምትቀይሩት ትሪገሩን ብቻ ነው። ካሜራው ላይ ልሰካው ካላችሁ ግን ለሶኒ የተለየ እግር ያለው ሞዴል አለ።

ሳጥኑ ላይ «ጋይድ ነምበር 60» ተጽፎ ታያላችሁ። የጉልበቱ መለኪያ የሆነው ይህ ቁጥር የፍላሹ ጭንቅላት ወደ 200 ሚሊሜትር ዙም ጠብቦ፣ በአይኤስኦ 100፣ በሜትር ተለክቶ የተገኘ ነው። ጃንጥላ ለመሙላት ጭንቅላቱን ወደ 35 ሚሊሜትር ማስፋት ግድ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 36 አካባቢ ይወርዳል። ነጭ ጃንጥላ ሁለት ስቶፕ ያህል ይበላል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው፤ ሁለት ስቶፕ ሲቀነስ ጋይድ ነምበሩ በግማሽ ይወርዳል)፤ 18 ይቀራል። ጋይድ ነምበር ለርቀቱ ሲካፈል አፐርቸሩን ይሰጣል፦ ጃንጥላው ከሰውየው 1.5 ሜትር ላይ ከቆመ 18 ለ1.5 ሲካፈል 12 ነው፤ በሙሉ ኃይል ወደ ኤፍ 11 እንበል። በ1/8 ኃይል ሦስት ስቶፕ ወርዶ ኤፍ 4 ይሆናል። ክፍል ውስጥ ለፖርትሬት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ቀትር ላይ ግን ሒሳቡ ይጠብባል። ጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 እና በ1/200 ኤፍ 11 ይጠይቃል። ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ እየተጣጣረ ገና ከፀሐዩ ጋር እኩል መሆኑ ነው፤ ባትሪውም በቶሎ ይዳከማል። ሥራችሁ በአብዛኛው ቀን ከቤት ውጪ ከሆነ ኤዲ200ን ከመጀመሪያው አስቡት። ኃይሉ 200 ዋት ሰከንድ ነው፣ ትንሹ ፍላሽ ግን በግምት 75 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ስቶፕ ተኩል ገደማ። ገንዘቡ ካልበቃ ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ ውሰዱት። ነፃ ነው።

«ሃይ ስፒድ ሲንክ» የሚለውን ሻጮች ሲያጋንኑት ትሰማላችሁ። ከ1/200 ወይም 1/250 በላይ ባለ ሹተር ስፒድ ፍላሽ ለመጠቀም ያስችላል፤ ዋጋው ግን ከሁለት ስቶፕ ያላነሰ ኃይል ነው። ከላይ ካለው ሒሳብ ላይ ሁለት ስቶፕ ቀንሱና ቀትር ላይ ምን እንደሚቀር አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከቤት ዕቃ መካከል ለተገኘ አሮጌ ፍላሽ። እንደ ቪቪታር 283 ያሉ የጥንቶቹ ስሪቶች መገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ይችላል፤ የዛሬ ካሜራ ላይ ከተሰኩ ያቃጥሉታል። በመልቲሜትር ሳትለኩ አትሰኩ።

ስታንድ፣ መያዣ፣ ጃንጥላ

ጀማሪ የሚንቀው ክፍል ይህ ነው። የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.60 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርሃኑ ከዚያ ከ50 ሴንቲሜትር ያላነሰ ከፍ ማለት አለበት፣ ያለዚያ የአገጭ ጥላ ይጠፋና ፊት ይሰፋል። 1.90 ሜትር የሚባለው ስታንድ ተዘርግቶ አልቆ ገና አልደረሰም፣ በዚያ ላይ የመጨረሻው ቀጭን ዘንግ ይወዛወዛል። ከ2.40 እስከ 2.80 ሜትር ያለውን ግዙ። አናቱ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ጫፍ ይኑረው፤ መያዣዎች ሁሉ የሚገጥሙት በዚያ ነው። ሱቅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከላይ ወደ ታች ገፋ አድርጉ። የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ውስጡ አየር ያለው ዓይነት ብሎኑ በስህተት ሲላላ ፍላሹን ቀስ ብሎ ያወርደዋል እንጂ አይጥለውም።

የአሸዋ ከረጢት ባዶውን ይገዛል ወይም ከወፍራም ሸራ ይሰፋል፤ ከ4 እስከ 5 ኪሎ አሸዋ ወይም ጠጠር ይሞላበታል። ጃንጥላ የተገጠመለት ስታንድ በትንሽ ነፋስ ይወድቃል፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ነፋሱ ትንሽ የሚሆንበት ጊዜ ብርቅ ነው። ከስታንዱ ሦስት እግሮች አንዱን ጃንጥላው ወደሚያጋድልበት አቅጣጫ አዙሩና ከረጢቱን በተቃራኒው በኩል ስቀሉ። ነፋሱ ከበረታ ከረጢትም አያድንም፤ ስታንዱን የሚይዝ ሰው አቁሙ።

ፍላሹን ከስታንዱ የሚያገናኘው መያዣ ሦስት ዓይነት ነው። በአንድ ብሎን የሚጠብቀው ፕላስቲክ ከሁሉ ይረክሳል፤ የሚሰበረውም ያ ነው፣ ፍላሹን ይዞ። የብረቱ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ፍላሹ የሚገባበት ጎድጓዳ ባዶ ብረት ከሆነ የፍላሹን መገናኛ ነጥቦች ያገናኝና ያለትእዛዝ እንዲበራ ያደርገዋል። አንድ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ቴፕ ከሥሩ መለጠፍ ይበቃል። ሦስተኛው የጎዶክስ ኤስ2 ዓይነት ነው። የፍላሹን እግር ሳይሆን አንገቱን ጨምቆ ይይዛል፣ የጃንጥላ ቀዳዳ አለው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የቦወንስ ቀለበት አለው። ቦወንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2017 ተዘግቷል፤ ቀለበቱ ግን የብዙ አምራቾች ሶፍትቦክስ የሚገጥምበት መደበኛ ልክ ሆኖ ቀርቷል። ጥቂት ጨምራችሁ ይህን ግዙ። ወደፊት ሶፍትቦክስም ኤዲ200ም ስትገዙ ሌላ መያዣ አትፈልጉም።

ጃንጥላው 105 ወይም 109 ሴንቲሜትር፣ ነጭ፣ ከላዩ የሚገለበጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ይሁን። ሽፋኑ ሲወልቅ ብርሃኑ በጨርቁ ያልፋል፤ ጃንጥላውን ፊት ድረስ ማስጠጋት ስለሚቻል ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ሽፋኑ ሲለብስ ብርሃኑ ተመልሶ ይወጣል። ጥቅሙ የሚታየው ግድግዳው ነጭ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፦ ያለሽፋን ብርሃኑ ወደ ኋላም ይፈስና ከየግድግዳው እየነጠረ የፈለጋችሁትን ጥላ ሁሉ ይሞላዋል። ከ84 ሴንቲሜትር በታች ያለው ለአንድ ፊት ይሆናል፤ ለባልና ሚስት አይበቃም።

ለስላሳነት የሚመጣው ከጨርቁ ሳይሆን ጃንጥላው ከሰውየው ሆኖ ሲታይ ካለው ስፋት ነው። ስለዚህ ርቀቱ ከጃንጥላው ስፋት ብዙ አይብለጥ፤ ለ109ኙ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር። 3 ሜትር ካራቃችሁት ያው ጃንጥላ የትንሽ መብራት ጥላ ይሰጣል፣ ከ1.5 ሜትር ጋር ሲተያይም ኃይሉ ሁለት ስቶፕ ይወርዳል። በጠይም ቆዳ ላይ ይህ የበለጠ ይታያል። ትንሽ የብርሃን ምንጭ ግንባርና ጉንጭ ላይ ትንንሽ የሚያንጸባርቁ ነጥቦች ያወጣል፣ ሰፊና ቅርብ የሆነው ግን ነጸብራቁን ዘርግቶ የቆዳውን ቀለም ያሳያል።

ሰፊ ሶፍትቦክስ ይሻላል የሚል ክርክር አለ፣ ለብርሃን ቁጥጥር እውነት ነው። ለመዘርጋት ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በጃንጥላ ጀምሩ።

ባትሪና መብራት

ለሬዲዮ የሚገዛው ርካሽ ባትሪ ፍላሽ ውስጥ አይሠራም፤ በአንዴ የሚጠየቀውን ያህል ኃይል መስጠት አይችልም። አልካላይን ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይግላል፣ በየፎቶው መሐል ያለው ጥበቃም እየረዘመ ይሄዳል። የሚፈለገው እንደ ኤኔሉፕ ያለ፣ ደጋግሞ የሚሞላ፣ 1.2 ቮልትና 2000 ሚሊአምፕ ሰዓት አካባቢ የሆነው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ቲቲ600 በእነዚህ ከሙሉ ኃይል በኋላ በ2.6 ሰከንድ ገደማ ተመልሶ ይዘጋጃል፤ በ1/8 ደግሞ ጥበቃው አይሰማችሁም። አሥር ግዙ፦ አራት ለፍላሹ፣ አራት ለቅያሪ፣ ሁለት ለትሪገሩ። አራት አራቱን በቀለም ምልክት አድርጉባቸው፣ አታደባልቁ። አንድ የደከመ ባትሪ ሦስቱን ይጎትታል፣ እናንተ ደግሞ ፍላሹ የተበላሸ ይመስላችኋል። ቻርጀሩ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚሞላ ይሁን።

ብዙ ሰርግ የሚሠራ ሰው ሊቲየም ባትሪ ያለውን የጎዶክስ ቪ860III ፍላሽ ቢገዛ አይጸጸትም። አንዴ ተሞልቶ በሙሉ ኃይል 480 ጊዜ ያህል ይበራል፣ የሚመለሰውም በ1.5 ሰከንድ ነው።

ዕቃው ከውጭ አገር በሰው የሚመጣ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይላክም፤ በተለምዶ ያለው ገደብ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን የኤዲ200 ባትሪ 42 ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም፣ ጫፎቹን ብቻ ሸፍኑ። ሁለተኛው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የስቱዲዮ መብራት ከአሜሪካ አታስመጡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ የአገር ቤት 220 ቮልት ወዲያው ያቃጥለዋል። የባትሪ ቻርጀርም ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ይኑርበት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስቱዲዮ ለሚከፍትም ቢሆን በባትሪ የሚሠራው ፍላሽ ይሻለዋል።

ገዝታችሁ እንደገባችሁ

ፍላሹን ወደ ሬዲዮ ተቀባይነት ቀይሩት፤ ጎዶክስ ላይ ስክሪኑ ብርቱካናማ ይሆናል። ቻናሉ ከትሪገሩ ጋር አንድ ይሁን፣ መለያ ቁጥሩም እንዲሁ፤ ቡድኑን ኤ አድርጉ። የፍላሹን ጭንቅላት ወደ 35 ሚሊሜትር አስፉ፣ የጃንጥላውን ዘንግ እየገፋችሁ ብርሃኑ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞላው አድርጉ። በዓይን አይታወቅም፦ በዝቅተኛ ኃይል እያበራችሁ ጃንጥላውን ራሱን ፎቶ አንሡትና ተመልከቱ።

ካሜራውን በእጅ ማስተካከያ ላይ አድርጋችሁ አይኤስኦ 100፣ 1/160፣ ኤፍ 4 ያዙ። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፍታችሁ አንሡ። ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ፎቶው ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር የቀረበ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የክፍሉ አምፖል ቀለም ከፍላሹ ጋር ተደባልቆ ፊቱ በአንድ በኩል ቢጫ ይሆናል። አሁን ፍላሹን በ1/8 አብሩ፤ ከሰውየው ፊት በ45 ዲግሪ ጎን፣ 1.5 ሜትር ርቀት፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ። ከጨለመ ወደ 1/4፣ ከበዛ ወደ 1/16። ሹተሩን አትንኩት፤ የፍላሹን ብርሃን አይቀይረውም፣ የሚቀይረው የክፍሉን ነው።

ነጠላው ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ከጠፋና ፊቱ ደህና ከሆነ ኃይል አትቀንሱ። ጃንጥላውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ማዕከሉን ከፊቱ በላይ አነጣጥሩት፤ ደረት ላይ የሚደርሰው የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ይሆናል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጋጥሙት ብልሽቶች አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደሉም። የፎቶው አንድ ጠርዝ ላይ ጥቁር ሰቅ ከታየ ሹተሩ ከካሜራችሁ የፍላሽ ገደብ አልፏል፤ ወደ 1/160 መልሱት። ፍላሹ ጨርሶ ካልበራ ካሜራው ድምፅ አልባ ሹተር ላይ ይሆናል፤ አብዛኞቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች በዚያ ሁኔታ ለፍላሽ አያዝዙም። ስክሪኑ ከጨለመባችሁ የካሜራውን የኤክስፖዠር ቅድመ እይታ አጥፉት። አንዱ ፎቶ በርቶ ቀጣዩ ከጨለመ ፍላሹ ሳይሞላ ነው የተጫናችሁት። ከሁለት ሦስት እርምጃ ላይ እምቢ ብሎ ከሩቅ የሚሠራ ከሆነ የትሪገሩን የርቀት ምርጫ ከ1–100 ሜትር ወደ 0–30 ሜትር ቀይሩ። በሙሉ ኃይል ሠላሳ ጊዜ ያህል በተከታታይ ካበራችሁ ደግሞ አሥር ደቂቃ አሳርፉት፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍላሽ ራሱን ያዘገያል፣ ፊቱ ላይ ያለው ፕላስቲክም ይቀልጣል።

ቀጥሎ የሚገዛው ሁለተኛ ፍላሽ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ የስታይሮፎም ሰሌዳ በጃንጥላው ተቃራኒ በኩል፣ ከፊቱ ግማሽ ሜትር ላይ ስታቆሙ የጠቆረውን ጉንጭ ያነሣዋል፣ ባትሪም አይፈልግም። ሁለተኛው ፍላሽ የሚያስፈልገው ፀጉርን ወይም ዳራውን ለየብቻ ማብራት ስትፈልጉ ነው። ያኔ ያው ሞዴል ይሁን፣ ቡድን ቢ ላይ ይግባ፣ ከ1/64 ይጀምር።